የዛሬ ደጃፍ

ይስማውን ሞቶ ያገኙት ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታች ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። እሱ ከገደሉ ሥር ድንጋይ ላይ ወድቋል። ጃኬቱ ግን ከላይ አፋፉ ላይ ተጣጥፎ፣ ስልኩም በጃኬቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠና «ራሱን ጣለ» አለ። ወሬ ለዳገትም ለቁልቁለትም አይሰንፍም፤ ወደ ላይ ደሴ፣ ወደ ታች ኮምቦልቻ ለመድረስ ሚኒባሱን ቀደመው።

ጽናትን ያገኛት ኮምቦልቻ፣ ከምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን አለቃዋ እጇን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻትና ነገረቻት። ጽናት የይስማው እጮኛ ናት፤ ፋሲካ አልፎ በግንቦት ሊጋቡ ነበር። ሐረጎ ስትደርስ ፀሐዩ ከሯል፤ ፖሊሶች አስከሬኑን በቃሬዛ እያወጡ ነው። አላለቀሰችም። ትናንት በስልክ የተናገረችው ቃል እንባውን አላሳልፍ ብሏል። «እንግዲያስ እኔንም ተወኝ» ብላው ነበር።

«እጮኛው አንቺ ነሽ?» አለቻት አንዲት ወፈር ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ የጣለች ሴት። የወንጀል መርማሪዋ ኢንስፔክተር ከይሪያ ናት። ሌላው ሴት ገበያ ወጥቶ በርበሬ እንደሚመርጥ፣ ከይሪያ ከሰው ንግግር ውስጥ ቃል ትመርጣለች ይሏታል ባልደረቦቿ።

«አዎ።»

«አላህ ያጽናሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይስማው ስልኩን እንዴት ነበር የሚይዘው?»

ጥያቄው ጽናትን ግራ አጋባት። «እንደ እንቁላል ነዋ። ሥራው እኮ ፎቶ ነው። ትንሽ ርጥበት ካለ በፌስታል ይጠቀልላታል። ስስቅበት ‹ይቺ ዓይኔ ናት› ይለኛል።»

ከይሪያ ስልኩን አሳየቻት። ጠፍቷል፤ መስታወቱ ላይ የውሃ ጠብታ የደረቀበት ምልክት ሞልቶበታል። ጃኬቱ ሲዳሰስ ገና አልደረቀም። ከኪሱ ውስጥ በሥርዓት የተጣጠፈ፣ ያልተነካ ፌስታል ወጣ። ከይሪያ ፌስታሉን ዐየችው፣ ሰማዩን ዐየችው፤ ከዚያ ሁሉንም አስጠቅልላ ወደ ደሴ ይዛ ሄደች።

የይስማው እናት እትዬ ሰርክአዲስ ከዚህ አንድ ልጅ በቀር የላቸውም። ጽናት ደሴ እቤታቸው ስትደርስ፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ አምባዬ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

«ያጠመቅሁት ልጅ ነው፤ አንጀቴ ተቆርጧል» አሉ ቄሱ። «ነገር ግን አውቆ ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አልሠራሁትም ሰርክአዲስ።»

«ታዲያ ልጄን እንደ ውሻ ልቅበረው?»

ከበሩ ላይ የከይሪያ ድምፅ መጣ። «አባ፣ ነገ ቀትር ሳይሆን መልስ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አይፍረዱበት።»

«ከነገ በላይ ማቆየት አይቻልም ልጄ። ያኔ ካልመጣሽ፣ ያለ ፍትሐት አፈር እናለብሰዋለን።»

እትዬ ሰርክአዲስ የጽናትን እጅ አፈፍ አደረጉ። «አንቺ ታውቂዋለሽ። ይስማው ራሱን ይጥላል?»

«አይጥልም» አለች ጽናት። ግን ውስጧ ‹አንቺ ነሽ የጣልሽው› እያለ ይወግራት ነበር። ይህን ይዛ ማደር አቃታትና ከይሪያን ተከትላ ወጥታ ከአጥሩ ጥግ ሁሉንም ነገረቻት።

ነገሩ «ደጃፌ» የሚባለው የፌስቡክ ቡድናቸው ነው። ይስማው ከአብሮ አደጉ ከኪዳኑ ጋር፣ ፒያሳ በኪዳኑ ኢንተርኔት ቤት የመሠረቱት። በዚያ ዘመን ቡድን ያልከፈተ ሰፈር አልነበረም፤ ሰው ገብቶ አንድ ቀን ሰላም ብሎ፣ በማግስቱ ይጠፋል። ኪዳኑ ቀልድ ለጠፈ፣ ሽልማት አለ፣ የቆንጆ ፎቶ አወጣ፤ አልሆነም። መድኃኒቱን ያገኘው ይስማው ነው። «ደጃፍዎን ይንገሩን፣ የዛሬውን ፎቶ እንልክልዎታለን» ብሎ ጻፈ። ጅዳ ያለች ልጅ ቢስቲማ ያለውን የእናቷን አጥር ስትጠይቅ በሚኒባስም በእግርም ሄዶ አነሣላት። አጥሩን፣ ውሻውን፣ በሩ ላይ የቆመችውን እናት። ልጅቷ አልቅሳ ጓደኞቿን ጠራች። ከዚያ ወዲያ የገባ አልወጣም። ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው የኔነሽ ደግሞ የቤሩትን ሴቶች ሁሉ ሰብስባ ስላስገባች «የደጃፌ እናት» ተባለች። የጽናት ድርሻ ከፋብሪካ ስትወጣ ለእያንዳንዷ በስሟ መልስ መስጠት ነው።

«ሰሞኑን በፎቶ ሥራ ቢስቲማ ገጠር ከርሞ መጣ፤ ኔትወርክ የሌለበት ነው» አለች ጽናት። «ትናንት ደወለና ‹ደጃፌ ውሸት ገብቶበታል፤ ካልተስተካከለ እዘጋዋለሁ› አለኝ። ምን ውሸት ብለው አልነገረኝም። እንቅልፌን ያጣሁበት ሥራ ነው፤ ተናደድኩ። እኔንም ተወኝ አልኩት።»

«ለዚህ ነው የማታለቅሺው?»

ጽናት አንገቷን ደፋች።

«አብሽሪ። ሰው በእጮኛው ኩርፊያ የሚሞት ቢሆን ወሎ ውስጥ ወንድ አይተርፍም ነበር። ነይ፣ ኪዳኑ ጋ እንሂድ።»

ኪዳኑ ዓይኑ ቀልቷል። በቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች ግማሾቹ ጨርቅ ለብሰዋል። በግድግዳው ጥግ «ደጃፌ» የሚል የታተመባቸው ቲሸርቶች ተከምረዋል፤ ለቡድኑ አንደኛ ዓመት በዓል የተሠሩ ናቸው።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለች ከይሪያ።

«ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን ኪሱ ከተተው ኢንስፔክተር። ደጃፌ ባይኖር ይሄን ቤት ድሮ ዘግቼው ነበር። አሁን ፒያሳ ሳልፍ ‹የደጃፌው ኪዳኑ› እያለ ሰው ይነሣልኛል።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። መብራት ስለጠፋ ደንበኛ የለም። ወንበር አውጥቼ በር ላይ ፀሐይ ስሞቅ አረፈድኩ።»

«ያየህ አለ?»

«ፒያሳ እኮ ነው። ሁሉም ያያል፣ ማንም አያስታውስም።»

«ይስማው የተጣላው ሰው ነበር?»

ኪዳኑ ጽናትን ቀና ብሎ ዐየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የየኔነሽ ወንድም፣ ዳምጤ። ከትናንት ወዲያ እዚህ በር ላይ ‹እህቴን ብታናግራት እኔና አንተ አንድ አገር አንኖርም› ብሎታል። ግን ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ይስማው ደክሞት ነበር፤ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በዚያ ጉም ውስጥ ብቻውን ቆሞ ምን እያሰበ ይሆን? እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጽናት ያኔ ስለ እሱ አዘነች፤ ትከሻውን ነካችው።

ከይሪያ ሌላ አልጠየቀችም። ከኢንተርኔት ቤቱ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ፣ «እኔ ይሄን ፌስቡክ አላውቅበትም» አለች። «የተጣሉት በየኔነሽ ነው፤ እስቲ የእናቷን ደጃፍ አሳዪኝ።»

ጽናት ስልኳን ከፍታ ፈለገችላት። ከሦስት ሳምንት በፊት የተለጠፈ ነው፤ «የእማማ አባይነሽ ደጃፍ፣ ዛሬ» ይላል። አንዲት ሴትዮ ጥበብ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ነጠላ አጣፍተው በራቸው ላይ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«ማን ነው የለጠፈው?»

«በቡድኑ ስም ነው። ከሦስታችን አንዳችን ነን። እኔ አይደለሁም። ይስማው ነው ብዬ ነበር፤ ግን ያኔ ቢስቲማ ነበረ።»

«ልጅቷ ምን ብላለች? አንብቢልኝ።»

ጽናት አነበበች። «‹እልል በሉልኝ፤ እናቴ ከሏን አወለቀችልኝ። አሁን ልቤ ዐረፈ። ልመጣ የነበረውን ትቼ ሁለት ዓመት ጨመርኩ።›»

«ድገሚው።»

ደገመችላት።

«እናትየው ከል የለበሱት ለማን ነው? መቼ ሞተ?»

«ለባላቸው፤ ባለፈው ጥቅምት። የሐዘን መግለጫ አውጥተንላታል።»

«አሁን መጋቢት ነው» አለች ከይሪያ። «የገበሬ ሚስት የባሏ ሙት ዓመት ሳይወጣ ጥቁሯን ጥላ፣ ጥበብ ለብሳ ደጅ ትቆማለች?»

ከዚህ ፎቶ ሥር ጽናት ራሷ የደስታ ቃል ጽፋበታለች። «ዘመድ ለምኖ አስወልቋቸው ይሆናላ።»

«ልጅቷም ያንኑ ነው ያሰበችው። ሰው የናፈቀውን ሲያሳዩት አይመረምርም። ሙስሊም ሆነሽ ይሄን በምን አወቅሽ እንዳትይኝ፤ የወሎ ለቅሶ አንድ ነው። ይሄ ፎቶ ባልየው ሳይሞት የተነሣ ነው። እንግዲህ የዛሬ ፎቷን ለምን ማንሣት አልተቻለም?»

ከሐረጎ ጠመዝማዛ የሚነሣ የእግር መንገድ አለ፤ አፋፉን ተጠግቶ ወደ ዳምጤ መንደር ይወርዳል። ዳምጤ በረቱ በር ላይ ነበር፤ ራሱን የተላጨ ጎልማሳ ነው። ከይሪያ ሰላምታዋን ጨርሳ ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

«አያ ዳምጤ፣ እናትህ መቼ ዐረፉ?»

ሰውየው እንደ መሸሽ አለና ቆመ። «በጥር» አለ። «ማን ነገራችሁ? ለየኔነሽ አልነገርንም። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ስትመጣ ከደጇ ወገን ሰብስበን እንነግራታለን ብለን ነው። ለኪዳኑም ‹አታውሩብኝ› ብዬ ለምኜዋለሁ።»

«ፎቶ ላክላት ብለኸዋል?»

«የምን ፎቶ? የሞተ ሰው ፎቶ ይነሣል?»

ጽናት ደንግጣ፣ «ሞተዋል?» እያለች ስልኳን ዘረጋችለት። ዳምጤ የእናቱን ፈገግታ ሲያይ መሬት ተቀመጠ። «ይሄማ ባለፈው ነሐሴ ይስማው ያነሣት ነው። አባታችንም አለ ያኔ።» እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «ለካ ይስማው የእናታችንን ሞት ሰምቶ ‹በውሸት እያኖርናት ነው› ያለኝ ይሄንን ነው። እኔ መደበቃችንን የነቀፈ መስሎኝ ፒያሳ ላይ ሰደብኩት።»

«ከዚያስ?»

«ዛሬ ማለዳ ደወለልኝ። ‹አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ እንነጋገርና መርዶውን ደግ አድርገን እናድርስ› አለኝ። እኔም ሁለት ሽማግሎች አስቀምጬ ስጠብቅ ቀረ።»

«ማንን ይዞ?»

«አልነገረኝም።»

«ጠዋት አገሩ እንዴት ነበር?»

«ጉም ነበር። ከመንገዱ አንሥቶ እስከዚህ ድረስ የበሬዬን ቀንድ እንኳ አላይም። ቀትር ሲቃረብ ነው የተገፈፈው።»

ከይሪያ ወደ ጽናት ዞረች። «ኮምቦልቻስ?»

«ፀሐይ ነበር።»

«ደሴም ፀሐይ ነበር» አለች ከይሪያ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። ወዲያው ሽማግሎቹን ለማነጋገር ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም በእትዬ ሰርክአዲስ ቤት ተሰበሰቡ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዳምጤ በሩ ሥር፣ ኪዳኑ ከለቀስተኛው መሐል፣ ጽናት ከእትዬ ሰርክአዲስ ጎን። ከይሪያ ቆማ ቀረች።

«አባ፣ በተለይ እርስዎ ይስሙኝ» አለች። «የይስማው ስልክ ርጥብ ነበር፤ መጠቅለያ ፌስታሉ ግን ከጃኬቱ ኪስ አልወጣም። ስልኩን እንደ ዓይኑ የሚያይ ልጅ፣ ሊሞትም ቢሆን፣ ጃኬት ለማጣጠፍ ጊዜ ካገኘ ስልኩን ራቁቱን አይጥለውም። ያስቀመጠው ሌላ እጅ ነው። ደግሞም ሊሞት የወጣ ሰው ‹መጣሁ፣ ጠብቀኝ› ብሎ አይደውልም። ይስማው የሄደው ለእርቅ ነው።»

እትዬ ሰርክአዲስ ቀና አሉ።

«ታዲያ ምን አስቸኮለው? ቢስቲማ ሳለ በደጃፌ ላይ አንድ ፎቶ ወጥቷል። የሞተችን እናት ‹ዛሬ› ብሎ የሚያሳይ ፎቶ። የለጠፈው ሰው አንድ ነገር ረሳ፤ ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ ከል ላይ ነበረች። ከነሐሴው ፎቶ ያማረችበትን መረጠና ላከው። ልጅቷም እናቴ ከሐዘን ወጣች ብላ ጉዞዋን ሰረዘች። ይስማው ሲመለስ ፎቶውን ገና እንዳየው የራሱ መሆኑን አወቀ።»

«ማን ለጠፈው?» አሉ ቄሱ።

«መለጠፍ የሚችሉት ሦስት ናቸው። ይስማው ኔትወርክ የሌለበት ነበር። ጽናት የእማማ አባይነሽን መሞት አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ትናንት ከዳምጤ ደጅ እንደዚያ አትደነግጥም ነበር። መሞታቸውን የሚያውቀው፣ የነሐሴው ፎቶ ከኮምፒውተሩ ያለው፣ ዳምጤ ዝም በል ብሎ የለመነው፣ ኪዳኑ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ዐየው። ኪዳኑ ከንፈሩን አረጠበ። «ፎቶውን ለጥፌያለሁ» አለ። «ልጅቷን ለማጽናናት ነው። ይሄ ወንጀል ከሆነ እሰሩኝ። ይስማውን ግን የዛተበት ዳምጤ ነው።»

«ዳምጤ ጠዋቱን ሙሉ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ነበር። አነጋግሬያቸዋለሁ። አንተስ?»

«ፒያሳ፣ ፀሐይ ስሞቅ። ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል። ወዲያውኑ ደግሞ ‹በዚያ ጉም ውስጥ ብቻውን ቆሞ› አልክ። ጉሙን የት አየኸው ኪዳኑ?»

«ሰው ሲያወራ ሰማሁ።»

«አስከሬኑ ሲገኝ ጉሙ ተገፍፎ ነበር። ሰው ያወራው ስለ ጃኬቱ ነው። እኔ አላነሣሁልህ፤ ጽናትም ፀሐይ እንጂ ጉም አላየችም። ደሴም ኮምቦልቻም ሙቀት ሆኖ ሐረጎ ላይ ብቻ ጉም ሲተኛ የሚያውቀው፣ ውስጡ የገባ ነው። ይስማው ይዤው እመጣለሁ ያለው ሰው አንተ ነህ። ጥፋትህን በሽማግሌ ፊት አምነህ እንድትጨርስ ይዞህ ወጣ።»

ከቦርሳዋ ስልኩን አውጥታ መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ ያዘችው። «ደርቆ ተከፈተ። የመጨረሻው ፎቶ ከዚያ አፋፍ የተነሣ ነው። ልታየው ትፈልጋለህ?»

ኪዳኑ ስልኩን አላየም። ማየት አልቻለም። ያን ጊዜ እትዬ ሰርክአዲስ ተነሥተው ከፊቱ ቆሙ።

«ኪዳኑ፣ በዚህ ቤት በአንድ ሞሰብ በልታችሁ ነው ያደጋችሁት። ሌላ አልጠይቅህም። ልጄ ራሱን ጣለ?»

«አልጣለም» አለ ኪዳኑ። «አልጣለም እማማ። እኔ ነኝ።» ከዚያ ቃሉ እንደ ጎርፍ መጣ። «መንገድ ሙሉ ለመንኩት። የኔነሽ ካወቀች ቤሩት በሞላ ይወጣል፤ ቤሩት ከወጣ ምንም የለንም፣ እኔ ምንም የለኝም አልኩት። ጃኬቱን አውልቆ ስልኩን ከጉሙ ጋርዶ ፎቶ እያነሣ ነበር። ዞር ሳይል ‹ይሂዱ› አለኝ። ‹ውሸት የሚያቆየው ሰው ይሂድ› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ነው። ጉሙ ዋጠው። ድምፁን እንኳ አልሰማሁም።» እጆቹን የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ ያያቸው ጀመር። «ጃኬቱና ስልኩ ከእጁ አምልጠው ሣሩ ላይ ቀሩ። አጣጥፌ አስቀመጥኳቸው።»

እትዬ ሰርክአዲስ ወደ ቄሱ ዞሩ። መምሬ አምባዬ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ተነሡ። «ካህናቱን ጥሩልኝ» አሉ። «ፍትሐቱ ይደርስለታል። ማኅሌተኛው ሳይቀር ይምጣ።» ያኔ ጽናት ጮኻ አለቀሰች።

ኪዳኑ ከተወሰደ በኋላ ከይሪያ ስልኩን ለጽናት አሳየቻት። መስታወቱ ላይ ነጭ ብቻ ነው።

«ምንም የለበትም» አለች ጽናት።

«የለም። ጉም ነው። አልዋሸሁትም፤ ‹ልታየው ትፈልጋለህ› አልኩት እንጂ ‹አንተ አለህበት› አላልኩትም።» «ግን ለምን አነሣው? የማይታይ ነገር።»

ጽናት ታውቅ ነበር። ወደ የኔነሽ ደጃፍ የሚወስደው መንገድ ነው፤ የዚያን ቀን የነበረው መልኩ። ይስማው ያልሆነውን አይልክም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ጽናትም ለቡድኑ አልጻፈችም፤ ዳምጤን አስፈቅዳ፣ ቤሩት ላለችው ለየኔነሽ ጓደኛ ለእየሩስ ብቻ በስውር ነገረቻት። በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች የሚወጡት እሑድ ነው። እሑድን ጠበቁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በደጃፌ የተዋወቁት ሁሉ ተጠራርተው ወደ የኔነሽ ሄዱ። ማታ ከእየሩስ መልእክት መጣ። «ነገርናት። ክፍሉ አልበቃንም፣ ደረጃው ላይ ሁሉ ሞልተን ነበር። ደግፈን አስለቀስናት። ብቻዋን አልነበረችም።»

በዚያው ሳምንት ስለ ፎቶው እውነቱን ጽናት በደጃፌ ላይ ጻፈችው፤ የይስማውንም ሞት። ብዙ ሰው ተሳድቦ ወጣ። ኪዳኑ የፈራው አልቀረም። ጽናት የሚጎድለውን እያየች አንዲቱን ስም ትፈልግ ነበር፤ ይቺ ከወጣች ይስማው የሞተለት ነገር ሁሉ አብሮት መቀበሩ ነው። የየኔነሽ ስም ግን አልወጣም። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«የእናቴን መቃብር አሳዩኝ። ከዚያ የይስማውን። የዛሬውን።»

ጽናት በማግስቱ ከፋብሪካው አስፈቅዳ ስልኳን በፌስታል ጠቀለለችና ወጣች። ከሚኒባሱ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ስትወርድ መንደሩ የለም፣ እማማ አባይነሽ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ሁሉም ጉም ነው። ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እስኪገፈፍ ጠበቀች።